ሲኤስኤሱን ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት

የድረ ገጽ መገንቢያ መሣሪያው «ክሪኤት ሪአክት አፕ» በየካቲት 2017 ለአዲስ ሥራ እንደማይመከር በይፋ ከተነገረ ወዲህ፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ድረ ገጽ የሚሠሩ ወጣቶች ቪት ወደተባለው ሌላ መገንቢያ ቢሻገሩ ደግ ነው። የገጹን መልክ የሚወስነውን ሲኤስኤስ ግን ለመጨረሻ ቀን አያቆዩት። እኩል ክብደት ካላቸው ሁለት የሲኤስኤስ ደንቦች የሚረታው በተራ ኋላ የሚመጣው ነው፤ መሣሪያው ሲለወጥ ተራው ሊዛባ ይችላል፣ ያውም አንድም የስህተት መልእክት ሳይታይ። እኛ ዘንድ ጉዳቱ ይብሳል፦ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ፤ በሲኤስኤሱ ውስጥ ያለው የግዕዙ ፎንት አድራሻ በሽግግሩ ከጠፋ፣ ፊደሉ በሌለው አሮጌ ስልክ ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ይሆናል። ገና በምትሠሩበት ጊዜ ያማረ ገጽ ማስረጃ አይደለም፤ ቪት ሲኤስኤሱን ለይቶ በፋይል የሚያወጣው ለሥርጭት ሲገነባ ነው። እባካችሁ የተገነባውን ቅጂ በርካሽ ስልክ ከፍታችሁ በሁለቱም ፊደል ፈትሹ።