ለአቶሞቢል ስለሚሆን ታማኝ ኮምፓስ

ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሣ ስንቁን፤ ውሃውን፤ ቤንዚኑንና ትርፍ ጎማውን አስቀድሞ ያሰናዳል። ይህ ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ አቅጣጫውን የሳተ እንደ ሆነ ግን ስንቁ ያልቃል፤ ቤንዚኑም በከንቱ ይቃጠላል፤ በቤት የቀሩት ሚስቱና ልጆቹም ዓይናቸውን ከደጅ ሳይነቅሉ ያድራሉ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በአቶሞቢል ክሩስኮት ላይ ስለሚቀመጠው ኮምፓስ፤ ይኸውም ሰሜንና ደቡብን ስለሚያመለክተው መሣሪያ፤ እንዴት ተመርጦ እንደሚገዛና እንዴት እንደሚጠበቅ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን። ምሳሌ የምናደርጋትም በባሮ ወንዝ ዳር ያለችውን ኢታንግን ነው።

ኢታንግ በታሪካችን ስሟ የታወቀ ስፍራ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት የወሰን ውል፤ በአራተኛው አንቀጽ፤ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር የማይበልጥ፤ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር። ጣቢያው የተቋቋመው ግን ከኢታንግ ወደ ላይ በጋምቤላ ነው። ከካርቱም የሚነሡት መርከቦች በነጭ ዓባይ፤ በሶባትና በባሮ አድርገው፤ ውሃው በክረምት ሲሞላ እስከ ጋምቤላ እየወጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ቦታውም ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ለመርከብ ነጂ ወንዙ ራሱ መንገድም መሪም ነበረ። በየብስ ለሚሄድ አቶሞቢል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በደጋ አገር ያደገ ሰው አቅጣጫ ቢጠፋው ቀና ብሎ ተራራ ያያል፤ በእንጦጦ ወይም በየረር ራሱን ያቀናል። በኢታንግ ዙሪያ ያለው አገር ግን ሜዳ ነው። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ፤ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከሣር በቀር የሚያየው የለም። ባሮም በክረምት ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ሲያለብሰው የትናንቱ የጎማ ፈለግ ዛሬ አይገኝም። በፀሐይ ልመራ ቢል ደመና ይጋርዳታል። ደመናው ቢገለጥም፤ ኢታንግ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ8 ዲግሪ ላይ ያለች ስለ ሆነች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ከአናት ላይ ትውላለችና ጥላው ከእግር በታች ይሆናል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ደግሞ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን ያላወቀ ሰው በጥላው ታምኖ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ይነዳል።

በዋናው መንገድ ላይ ለሚሄድ ኮምፓስ ብዙም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሥራው ከመንገድ ለሚያስወጣው ሰው ነው። ዛሬ በኢታንግ ልዩ ወረዳ አኙዋክ፤ ኑዌርና ኦፖ የሚባሉት ሕዝቦች ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በኩሌና በቲርኪዲ ሰፍረዋል። እነዚህን ሁሉ ለማገልገል የመንግሥት ሹም፤ ሐኪምና መምህር ከመንገድ ወጥቶ መሄድ ያጋጥመዋል። አቅጣጫውን በ20 ዲግሪ የሳተ ሾፌር 10 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ካሰበው ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይገኛል። ከኋላው ምጥ የያዛት እናት ተኝታ እንደ ሆነ፤ ይህ ርቀት የሚቈጠረው በሜትር ሳይሆን በነፍስ ነው።

የኮምፓስ ጥበብ ጥንታዊ ነው። በቻይና አገር ሼን ኩዎ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1088 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ፤ በማግኔት የተፈተገች መርፌ ወደ ደቡብ እንደምታመለክትና ከትክክለኛውም ጥቂት ዘንበል እንደምትል አስታውቋል። መርከቦች በብረት መሠራት ከጀመሩ በኋላ ግን ብረቱ መርፌውን እየሳበ አሳሳተው። ስለዚህ ሰር ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1876 የብረቱን ስበት የሚያርሙ ነገሮች የተጨመሩበትን የመርከብ ኮምፓስ አወጣ። በአቶሞቢልም የደረሰው ችግር ይኸው ነው። ራልፍ ባግኖልድ የሚባለው የእንግሊዝ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሊቢያ በረሃ ሲጓዝ፤ የመኪናው ብረት ኮምፓሱን ስላወከበት በጥላ የሚሠራ የፀሐይ ኮምፓስ አሰናድቶ ይመራ ነበር። ይህ ዘዴ ለበረሃ ተስማማ፤ ክረምቱ ደመና ለሆነበትና ፀሐይ ከአናት ለምትውልበት ለኢታንግ ግን አይበቃም። ስለዚህ የማግኔቱን ኮምፓስ መርጦና አርሞ መያዝ ይሻላል።

አሁን ገዢ አስቀድሞ ሊያውቀው ወደሚገባው ዋና ነገር እንመጣለን። የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን ከመዞሩ ሌላ፤ የምድርን የማግኔት ኀይል ተከትሎ ወደ ታችም ያዘነብላል። ይህ ዝንባሌ በለንደን ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ለአውሮፓ ኮምፓስ የሚሠሩ ሰዎች መርፌው አግድም እንዲተኛ የደቡቡን ጫፍ በትንሽ ክብደት ያመዛዝኑታል። መርፌው ያለ ክብደት በራሱ አግድም የሚተኛበት መስመር የማግኔት ወገብ ይባላል፤ ይህም መስመር በአገራችን ላይ ያልፋል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ ሲቋቋም፤ ሥራውን ተፈላጊ ያደረገው ለዚሁ መስመር መቅረቡ ነው። ኢታንግም ከመስመሩ ሩቅ አይደለችም።

እንግዲህ ለለንደን ተመዝኖ የተሠራ ኮምፓስ ወደ ኢታንግ ቢመጣ፤ ሰሜኑን ጫፍ ወደ ታች የሚስበው ኀይል የለምና ክብደቱ ብቻውን ይቀራል። የደቡቡ ጫፍ ይዘቀዝቃል፤ ቍጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከመስተዋቱ ጋራ ይተሻሻል፤ መኪናው ሲዞርም ሰሌዳው እየተያዘ የሐሰት ቍጥር ያሳያል። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ዋጋውም ርካሽ አልነበረም፤ ነገር ግን ለሌላ አገር የተሠራ ነው።

ይህን የምንናገረው በተለይ በውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም ላላቸው ቤተ ሰቦች ነው። ዘመድ ለአባቱ መኪና የሚያምር ኮምፓስ ገዝቶ ሊልክ ቢያስብ፤ በገዛበት ሱቅ ውስጥ ደኅና ሆኖ ቢያየው አይታመን። ሠሪዎቹ ምድርን በክፍል በክፍል አድርገው ለየክፍሉ የተመዛዘነ ኮምፓስ ስለሚያወጡ፤ ለምድር ወገብ አካባቢ የተሠራውን ወይም በምድር ሁሉ እንዲሠራ የተሰናዳውን ለይቶ ይጠይቅ። በመልካም የተመዛዘነ ኮምፓስ ግን በአገራችን ከአውሮፓ ይልቅ ይጸናል፤ መርፌውን ወደ ሰሜን የሚያዞረው አግድም ኀይል በእኛ ዘንድ ከለንደኑ ወደ እጥፍ የቀረበ ነውና።

በአዲስ አበባ ሆኖ የሚገዛ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አለ። አዲስ አበባም በማግኔት ወገብ አጠገብ ስላለች፤ በዚያ ተስተካክሎ የተኛ ኮምፓስ በኢታንግም ተስተካክሎ ይተኛል። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት በሱቁ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ይፈትነው። አንደኛ፤ ኮምፓሱን በደልዳላ እንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሰሌዳው ወዲያና ወዲህ ሳያዘነብል መተኛቱን ይይ። ሁለተኛ፤ ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት አቅርቦ ሰሌዳውን ጥቂት ያዙረውና ብረቱን ያርቅ፤ ሰሌዳው ወደ ቀድሞው ቍጥር በትክክል መመለስ አለበት። ይህንም በቀኝና በግራ ይደጋግም። በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ቀርቶ የሚቆም ከሆነ የቆመበት ሹል ተበላሽቷልና አይግዛው። ሦስተኛ፤ ሰሌዳው በዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ የሚዋኝ ይሁን፤ ፈሳሽ የሌለው ኮምፓስ በጐርባጣ መንገድ ሲዘል ይውላልና። በፈሳሹ ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ይተወው። አራተኛ፤ ከጐኑ ወይም ከሥሩ ሁለት የማረሚያ ቪቴዎች ይኑሩት። አምስተኛ፤ ቍጥሩ ከነጂው ወንበር ሆኖ የሚነበብ፤ ለሌሊትም ትንሽ መብራት ያለው ይሁን።

ስለ ሙቀቱም ማሰብ ይገባል። በጋምቤላ ቆላ በበጋው መጨረሻ የጥላው ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ክሩስኮት ላይ ግን ከ60 ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ፈሳሹ ስለሚስፋፋ፤ በመልካም የተሠራ ኮምፓስ ፈሳሹ ሲበዛና ሲያንስ የሚለጠጥ ስስ ሽፋን በውስጡ አለው። ይህ የሌለው ይፈነዳል ወይም ያፈሳል። ጥንቃቄውም ቀላል ነው፤ መኪናው ሲቆም ኮምፓሱን በነጭ ጨርቅ መሸፈን ነው።

የኮምፓሱ ማስቀመጫ በክሩስኮቱ መካከል፤ ከሬዲዮ ድምፅ ማውጫና ከመጥረጊያው ሞተር በተቻለ መጠን የራቀ ይሁን። ስልክን በማግኔት የሚይዘው ማንጠልጠያ ከኮምፓስ አጠገብ ከቶ አይቀመጥ። ብዙ ሰዎች የማያስቡት ሌላ ነገር ደግሞ ጠመንጃ ነው። ኮምፓሱ ጠመንጃው ሳይኖር ታርሞ ሳለ፤ በማግሥቱ ዘበኛው ጠመንጃውን በነጂው አጠገብ ቢያቆም አፈ ሙዙ መርፌውን ይስበዋል። አካፋና ክሪክም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ለያንዳንዱ ብረት በመኪናው ውስጥ ቋሚ ቦታ ሊወሰንለት ይገባል።

ማረሙ እንዲህ ነው። መኪናውን የመንገድ ጭነቱን እንደ ጫነ ከብረት ድልድይ፤ ከቆርቆሮ ቤትና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ራቀ ሜዳ ማውጣት። አንድ ሰው የእጅ ኮምፓስ ይዞ ከመኪናው 20 እርምጃ ያህል ርቆ፤ የመኪናውን አፍንጫ በትክክል ወደ ሰሜን ያስቀና። ነጂው ሞተሩን እንዳስነሣ በነሐስ ካቻቪቴ የሰሜንና የደቡብ ማረሚያውን እያዞረ ኮምፓሱን ሰሜን ላይ ያቁመው። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሁለተኛው ማረሚያ እንዲሁ ያድርግ። ወደ ደቡብ ሲዞር ስሕተት ቢያገኝ ግማሹን ብቻ ያርም፤ ወደ ምዕራብም ሲዞር ግማሹን ብቻ ያርም። የቀረውን ጥቂት ስሕተት በየአቅጣጫው በወረቀት ጽፎ ከክሩስኮቱ አጠገብ ይለጥፍ። መኪናው በብየዳ በተጠገነ ጊዜ ሁሉ ይህ ሥራ እንደ ገና ይደረጋል። የሚፈጀውም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው፤ ይህን ሰዓት የነፈገ ሰው ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ይሆናል።

በካርታ የሚሠራ ሰው ደግሞ የመርፌው ሰሜንና የካርታው ሰሜን አንድ አለመሆናቸውን ይወቅ። በኢታንግ መርፌው በዚህ ዘመን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ስለዚህ በካርታ ላይ ከለካው ቍጥር 3 ቀንሶ በኮምፓስ ይነዳ። ይህን ቢተው በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። ልኩ በዓመታት እየተለወጠ ስለሚሄድ በአሮጌ ካርታ ጠርዝ ላይ በተጻፈው መታመን አይገባም።

ዛሬ በሳተላይት ቦታን የሚያሳውቅ መሣሪያ በስልክም በመኪናም ስላለ ኮምፓስ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ያ መሣሪያ መልካም ነው፤ ያለውም ይያዘው። ነገር ግን የሚነግረው ያለህበትን ቦታ ነው፤ አቅጣጫህን የሚያውቀው ስትንቀሳቀስ ነው። ባትሪው ሲያልቅም ዝም ይላል። በአዳዲስ መኪናዎች ያለው የኤሌክትሪክ ኮምፓስም ቢሆን መኪናውን በክብ እያዞሩ ካላረሙት እንደ ሌላው ይሳሳታል። ሁለቱ ምስክሮች አንድ ቃል ሲናገሩ ይነዳል፤ ሲለያዩ ይቆማል።

ከሁሉም በላይ አገሩን የሚያውቁትን ሰዎች መጠየቅ ክብርን አያጐድልም። የኢታንግ አኙዋክና ኑዌር ውሃው የት እንደሚሞላ፤ ምድሩ የት እንደሚያሰምጥ ያውቃሉ፤ ይህን ማንም ኮምፓስ አይናገርም። ባሮም በጠቅላላው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚወርድ፤ ከወንዙ በስተሰሜን ያለ ወደ ደቡብ፤ በስተደቡብ ያለ ወደ ሰሜን ቢሄድ ወንዙን ያገኛል። ነገር ግን ወንዙ ስለሚጠማዘዝ በአንዲት መታጠፊያ ብቻ አቅጣጫ አይፈረድም።

የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይተው፤ የሚሄድበትን ቦታ፤ የሚነዳበትን የኮምፓስ ቍጥር፤ የሚመለስበትንም ሰዓት። ልጆቹንም አጠገቡ አስቀምጦ ቍጥሩን ማንበብ ያስተምራቸው። በሰዓቱ ያልተመለሰ እንደ ሆነ ፈላጊዎች ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ ሜዳውን ሁሉ ከመዞርም ይድናሉ። የኮምፓስ ታማኝነት በዋጋው አይለካም። ለአገሩ የተመዛዘነ፤ በመኪናው ውስጥ የታረመና በየጊዜው የተፈተነ ኮምፓስ ታማኝ ነው። ያልተፈተነውን በክሩስኮት ላይ አስቀምጦ ከመታመን ያለ ኮምፓስ መሆን ይሻላል፤ ኮምፓስ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠይቃልና።