ድረ ገጽን ለባልንጀራ ስለ ማሳየት

ልጆቻችን ዛሬ በቤት ተቀምጠው በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ድረ ገጽ ይሠራሉ። ሠርተው ባሳዩን ጊዜም «እሰይ፥ አምሯል» ብለን እናሰናብታቸዋለን። ይህ ደስ ያሰኛቸዋል እንጂ ሥራውን አያቃናም። እኛ የምናየው ቀለሙንና ሥዕሉን ነው፤ ኮዱን አንብቦ ጉድለቱን የሚያገኘው ግን ያንኑ ሙያ የሚማር ባልንጀራ ነው።

ይኸውም፥ ፊደሉ በነጭ ላይ በፈዘዘ ግራጫ ቢጻፍ ወጣቱ ያነበዋል፤ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ግን አያነበውም። ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ማኅበር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባወጣው መምሪያ፥ ተራ መጠን ያለው ጽሕፈት ከመደቡ ጋራ ያለው የብርሃን ንጽጽር ከ4.5 ለ1 እንዳያንስ ይመክራል። ለሥዕሉም መግለጫ ካልተጻፈለት፥ ገጹን በድምፅ በሚያነብ መሣሪያ የሚሰማ ዓይነ ስውር ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ነገር ግን «እንዴት ነው?» ብቻ ብሎ የጠየቀ «መልካም ነው» ከሚል መልስ በቀር አያገኝም። «በስልክ ሲከፈት ሠንጠረዡ ከመስኮቱ ያልፋልን? ያለ ማውስ፥ በኪቦርድ ብቻ ‹ላክ› የሚለው ቁልፍ ይደረስበታልን?» ብሎ ይጠይቅ። ሥራው ሳያልቅም ቢያሳይ ይሻላል፤ ያለቀውን ማፍረስ ማንም አይወድምና። ተቺውም ስለ ሠሪው ሳይሆን ስለ ኮዱ መስመር ይናገር።

ልጁ ትችቱን ሰምቶ ያዘነ እንደ ሆነ፥ ተቺውን ከመንቀፍ ይልቅ ገጹን አርሞ ዳግመኛ እንዲያሳየን ብንጠይቀው መልካም ይመስለናል።