ሰዓቷ ዝም ቢል እሷ ምን አጠፋች?

ድሮ ፍቅረኞች በሰዓት ተጣሉ ሲባል ነገሩ ግልጽ ነበር። «አስጠበቅሽኝ»፣ «አረፈድክብኝ» ነው። ዘንድሮ ግን ሰዓት ራሱ ጠብ ጫሪ ሆኖ መጥቷል። እጅ ላይ ታስሮ ውሎ «መልእክት መጣ» ብሎ መንዘር ሲገባው ጭጭ ይላል። በእሱ ዝምታ ሁለት ሰዎች ይኮራረፋሉ። ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ይህንኑ የሚመለከት ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይጠቀስ በጠየቀችው መሠረት ትተነዋል። ረዘም ያለ በመሆኑም አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ዕድሜዬ 24 ነው። በአንድ የልብስ መደብር በሽያጭ ሠራተኛነት እሠራለሁ። በሥራ ሰዓት ስልክ መያዝ ክልክል ስለሆነ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ከኋላ ባለው ዕቃ ቤት አስቀምጠዋለሁ። የፍቅር ጓደኛዬ ለልደቴ ስማርት ሰዓት ገዛልኝና ‹ከእንግዲህ ስልክ አልያዝኩም የሚል ምክንያት የለሽም› አለኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንዳንዴ ይነዝራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። ማታ ስልኬን ስከፍት ከእሱ ብቻ አሥር አሥራ አምስት መልእክት በቴሌግራም ተደርድሮ አገኛለሁ። ‹ሰዓቱ አልነገረኝም› ስለው አያምነኝም። ባለፈው እሁድ ‹እጅሽ ላይ አስረሽው አላየሁም የምትዪው ሌላ ሰው ቢኖርሽ ነው። ሰዓቱን መልሽልኝ› አለኝ። ሦስት ዓመት አብረን ቆይተናል። ልመልስለትና ይለይለት ወይስ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ገና አትመልሺ! ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ የሦስት ዓመት ፍቅር በአንድ የእጅ ሰዓት መፍረስ የለበትም። ደብዳቤሽ ውስጥ ደግሞ ሁለት ጥሩ ፍንጮች አሉ። አንዱ «የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር» ያልሽው፣ ሌላው «አንዳንዴ ይነዝራል» ያልሽው ነው። ሁለቱም ሰዓቱ ጨርሶ የተበላሸ እንዳልሆነ ያመለክታሉ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ብዙዎቻችን መልእክቱን ሰዓቱ ራሱ የሚቀበል ይመስለናል። ሲም ይዘው በራሳቸው ከኔትወርክ የሚገናኙ ሰዓቶች መኖራቸው እርግጥ ነው። አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው ግን የስልክ ተላላኪ ነው። መልእክቱ ቀድሞ ስልኩ ላይ ይደርሳል። ስልኩ ኖቲፊኬሽን ያወጣል። ስልኩ ላይ የተጫነው የሰዓቱ አፕ ያንን ያነባል። በብሉቱዝ ወደ ሰዓቱ ይልካል። በመጨረሻ ሰዓቱ ይነዝራል። እንግዲህ መልእክቱ በአምስት እጅ ይቀባበላል ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱ ካንቀላፋ የእጅሽ ሰዓት ጭጭ ይላል። ሥራችን ያንቀላፋውን መፈለግ ነው።

ፍለጋው የሚጀመረው በቀላል ሙከራ ነው። ስልክሽን ቆልፈሽ ከጎንሽ አስቀምጪ፤ ሰዓቱን እሰሪ፤ አንዲት ጓደኛሽ መልእክት ትላክልሽ። ስልኩ ራሱ ካልጮኸ ጥፋቱ ከስልኩ ነው፣ ሰዓቱን አትውቀሺ። ስልኩ ጮኾ ሰዓቱ ዝም ካለ ችግሩ ከስልኩ ወዲህ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ሲሆኑ ሠርተው መደብር ውስጥ ብቻ ዝም ካሉ ደግሞ ችግሩ ርቀት ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን አንድ በአንድ ተመልከቺ።

አንደኛ፣ ርቀት። የአብዛኛው ሰዓት ብሉቱዝ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ 10 ሜትር ገደማ ይሄዳል ተብሎ ነው የሚታሰበው። በመካከል የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት መደርደሪያ ወይም ወፍራም ኮንክሪት ሲገባ በጣም ያጥራል። ስልክሽ ዕቃ ቤት ነው፣ አንቺ በር ላይ ደንበኛ እያስተናገድሽ ነው። «አንዳንዴ ይነዝራል» ያልሽው ወደ ኋላ ጠጋ ስትዪ ሊሆን ይችላል። ዝም ባለ ጊዜ የሰዓቱን ፊት ተመልከቺ። ብዙ ሰዓቶች ከስልክ ሲለያዩ የተሰረዘ ወይም የተቆረጠ ምልክት ያሳያሉ። ያን ካየሽ አሠሪሽን «ስልኬን አልነካውም፣ ቦርሳዬ ብቻ ካሸሩ አጠገብ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥልኝ» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። አንዳንድ ርካሽ ሰዓት አንዴ ከተለያየ በኋላ አፑ እስኪከፈት ድረስ ተመልሶ ላይገናኝ እንደሚችልም አትርሺ።

ሁለተኛ፣ እንቅልፍ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሠርቶ ከዚያ ዝም ያለ ሰዓት ሲገጥም እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የስልኩን ባትሪ ቆጣቢ ነው። ስልኩ ብዙ የማትከፍቺውን አፕ «ይህ ባትሪ ይበላል» ብሎ ያስተኛዋል። የሰዓቱ አፕ ደግሞ አንዴ ከተጫነ በኋላ ማን ይከፍተዋል? በሳምሰንግ ስልክ «ስሊፒንግ አፕስ» የሚል ዝርዝር አለ፤ የሰዓቱ አፕ እዚያ ካለ አውጪው። በሌሎች አንድሮይድ ስልኮችም ሴቲንግ ውስጥ የሰዓቱን አፕ ፈልገሽ «ባትሪ» የሚለውን ነክተሽ «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጪ። እንደ ሻዎሚ ባሉ ስልኮች «አውቶስታርት» የሚል ካለ እሱንም ፍቀጂ። ሌላው የእኛ ልማድ ነው። ስልኬ እንዳይከብድ ብለን የተከፈቱትን አፖች በሙሉ ጠራርገን እንዘጋለን። በዚያው ተላላኪውንም አብረን እናባርረዋለን!

ሦስተኛ፣ ፈቃድ። በአንድሮይድ ስልክ የሰዓቱ አፕ ኖቲፊኬሽን ማንበብ የሚችለው ከተፈቀደለት ብቻ ነው። ሴቲንግ ገብተሽ ከላይ ባለው መፈለጊያ «ኖቲፊኬሽን» ብለሽ ጻፊና ኖቲፊኬሽን እንዲያነቡ የተፈቀደላቸውን አፖች ዝርዝር ተመልከቺ። የሰዓትሽ አፕ መብራት አለበት። ከዚያ ራሱን የሰዓቱን አፕ ክፈቺና ቴሌግራም፣ ኤስ ኤም ኤስና ጥሪ አንድ በአንድ መመረጣቸውን አረጋግጪ። በብዙ አፖች ሁሉም ለየብቻ ነው የሚበራው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚንገዳገድበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አንድሮይድ 13 ጀምሮ አፑ ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን በፋይል ከተጫነ፣ ለምሳሌ ጓደኛ በቴሌግራም ልኮልሽ ከሆነ፣ ስልኩ ይህን ፈቃድ ሊከለክልና ማብሪያውን ሊያደበዝዘው ይችላል። መፍትሔው አፑን አጥፍቶ ከፕሌይ ስቶር እንደገና ማውረድ ነው። አንዳንዶች በአፑ መረጃ ገጽ ላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ገብተው ክልከላውን ያነሳሉ። እኔ ግን ምንጩ ለማይታወቅ አፕ ይህን አልመክርም። ኖቲፊኬሽን የሚያነብ አፕ የፍቅር መልእክት ብቻ አይደለም የሚያነበው። ባንክ በኤስ ኤም ኤስ የሚልክልሽን የምስጢር ቁጥርም ሊያይ ይችላል። ሰዓት ይንዘርልኝ ብሎ የደሞዝን ቁልፍ ለማያውቁት ማስረከብ ከኩርፊያም የባሰ ጣጣ ነው።

የስልክሽን ዓይነት አልጻፍሽልንም። አይፎን ከሆነና ሰዓቱ የሌላ ድርጅት ሥሪት ከሆነ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ብሉቱዝ ገብተሽ ከሰዓቱ ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ክብ ምልክት ንኪ። «ሼር ሲስተም ኖቲፊኬሽንስ» የሚለው መብራት አለበት።

አራተኛ፣ ጥፋት ያልሆነ ዝምታ። የአፕል ሰዓት ያላችሁ ይህን ስሙ። አይፎናችሁ ተከፍቶ እየሠራችሁበት ከሆነ ኖቲፊኬሽኑ ስልኩ ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ሰዓቱ የሚሄደው ስልኩ ሲቆለፍ ነው። ሰዓቱ ራሱ በኮድ ተቆልፎ ከሆነም ወደ ስልኩ ይመለሳል። ስለዚህ «አልነዘረም» ያልነው ሁሉ ብልሽት አይደለም። ማሰሪያውም ጉዳይ አለው። በጣም ሲላላ እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ከእጅ የወለቁ ይመስላቸውና ዝም ይላሉ። እንደ አምባር ማንጠልጠሉ ያምራል፣ ግን አያናግርም።

አምስተኛ፣ ዝም የተባለ ዝምታ። «አትረብሹኝ» የሚለው፣ የእንቅልፍና የሲኒማ የሚባሉት ማብሪያዎች አሉ። በስልኩ ሲበሩ ሰዓቱንም አብረው ዝም የሚያሰኙ ብዙ ናቸው። ሌሊት በርተው ጠዋት ሳይጠፉ ይቀራሉ። ቴሌግራም ላይም ስሙን አይተሽ «ምዩት» ተደርጎ እንደሆነ አረጋግጪ። እንዳትስቂ፣ የሠርግ ኮሚቴ ግሩፕ ለማፈን ሲሉ የገዛ ፍቅረኛቸውን ያፈኑ አሉ። ቴሌግራም በኮምፒውተር ተከፍቶ እየተሠራበት ከሆነም ወደ ስልኩ የሚመጣው ኖቲፊኬሽን ሊዘገይ ይችላል።

ስድስተኛው የእኛው የአማርኛ ጉዳይ ነው። ሰዓቱ ይነዝራል፣ ሲታይ ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ተደርድሯል። ይህ መልእክት መጥፋት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ሰዓቱ ውስጥ አልተጫነም ማለት ነው። ስልኩን በመነካካት የሚስተካከል አይደለም፤ ሰሪዎቹ በማሻሻያ ካልጨመሩት በቀር ሳጥኑ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ በአማርኛ መልእክት አስልካችሁ ሞክሩት። «ችግር የለውም» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሁለቱንም አጥፍቶ ማብራት፣ አሁንም ካልሆነ ማለያየትና እንደ አዲስ ማገናኘት ነው። ማገናኘቱ ግን በሰዓቱ አፕ በኩል ይሁን። ብዙ ሰው ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ላይ ብቻ ነክቶ «ተገናኘ» ይላል፤ አፑ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። አንዳንዱ ሰዓት እንደ አዲስ ሲገናኝ የተመዘገበውን የእርምጃ ቁጥር ሊያጠፋ ስለሚችል ይህን ለመጨረሻ አቆዩት።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርህ። ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ካየህ መልእክትህ ከአንተ ወጥቶ ቴሌግራም ዘንድ ደረሰ ማለት ብቻ ነው። ስልኳ ላይ መድረሱን እንኳ አይነግርህም። ሁለት ራይት የሚሆነው ስትከፍተው ነው። አንድ ራይት ይዘህ «አይተሽ ዝም አልሽ» ማለት ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው። ደግሞስ መልእክቱን ብታየውም ደንበኛ እያስተናገደች መመለስ ትችላለች? እንጀራዋ ነው። ሰዓት ሰጠሁሽ ማለት ሰዓትሽን ሁሉ ገዛሁት ማለት አይደለም።

እህቴ፣ አንቺም «ሰዓቱ አልነገረኝም» ብለሽ ብቻ አትተዪው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በንዴት ከመመላለስ አንድ ቀን ተቀመጡና ከላይ ያልኩትን ሙከራ አብራችሁ አድርጉት። እሱ ይላክ፣ አንቺ ሰዓቱን አሳዪው፣ ስልኩን ዕቃ ቤት ያህል አርቃችሁ ድገሙት። በዓይኑ ያየውን አይክድም። የምትመልሺበትን ጊዜም ቁረጪለት፤ የምሳ ሰዓትና ከሥራ መውጫ ይበቃል። ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ ሙከራውን በዓይኑ አይቶ፣ አሁንም «ሌላ ሰው አለሽ» ካለ ግን ነገሩ የብሉቱዝ አይደለም። ያኔ ሰዓቱን መመለስ ትችያለሽ። ሰዓቱን ስለተጣላሽው ሳይሆን ያለ እምነት አብሮ መኖር ስለማይቻል ነው።

ለሁላችሁም የምለው አንድ ነገር ይቀረኛል። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ የሥራ ጥሪ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ካላችሁ ያን ጉዳይ በእጅ ሰዓት ብቻ አትመኑት። የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የቅርብ ባልደረባችሁን ስልክ ቁጥር ለቤተሰብ ስጡ። «የቸኮለ ነገር ካለ መልእክት አትላኩ፣ ደውሉ፤ ካላነሳሁ በዚህኛው ደውሉ» በሏቸው። አምስት እጅ የሚቀባበለው ነገር አንድ ቀን ይወድቃል።

ቸር ሰንብቱ!