አንዲት ፊደል በር ስትዘጋ

ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቁልፍ አለው፤ ቁልፍ ያለውም ሰው አንድ ቀን በገዛ ደጁ ቆሞ መቸገሩ አይቀርም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው ግን በእንጨትና በብረት ስለ ተሠራው በር አይደለም። በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጠው ኮምፒዩተርና የይለፍ ቃል፥ በተለምዶም ፓስወርድ ስለምንለው መግቢያው ነው። ነገሩን የተማርነው በንባብ ብቻ ሳይሆን በደረሰብን ኀፍረት ስለ ሆነ፥ ኀፍረታችንን ሳንሸሽግ ልናካፍላችሁ ወደድን።

የቤታችን ኮምፒዩተር በጀርመን አገር የምትኖር እኅታችን የላከችልን ላፕቶፕ ነው። አባት፥ እናትና ሦስት ልጆች በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል እንገለገልበት ነበር። በውስጡም የልጆቹ የትምህርት ጽሑፍና የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ ነበረበት። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና እናታችን ከማረፋቸው በፊት ስለ ልጅነታቸው ዘመን ሲያወሩ የቀዳነው ድምፅ በዚያው ይገኝ ነበር። ለዚህም ድምፅ በሌላ ስፍራ ቅጂ አልነበረውም።

አንድ ምሽት የተማሪዎቻችንን ውጤት ልንሞላ ተቀምጠን የይለፍ ቃሉን ብንጽፍ፥ «ትክክል አይደለም» የሚል መልስ ሰጠን። ደገምን፤ ሠለስን፤ መልሱ ያው ነው። ወዲያው የአሥራ አራት ዓመት ልጃችንን ጠርተን «ታናናሾችህ እንዳይነኩብህ ብለህ የይለፍ ቃሉን ለውጠሃል» አልነው። ልጁም «አባባ፥ እኔ አልለወጥሁትም» ቢለን አላመንነውም። ጥፋትህ ሳይበቃ ውሸት ጨመርህበት ብለን ተቈጣነው፤ እርሱም እራቱን ሳይበላ ተኛ።

በማግሥቱ ለአንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ በስልክ ብንነግረው፥ ዕቃውን ሳያይ «ያምጡት፥ ፎርማት አድርገን እንሰጥዎታለን» አለን። ፎርማት ማለት በመዝገቡ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ማሰናዳት ነው። የእናታችንም ድምፅ አብሮ ሊጠረግ ነው። ቢሆንም ሌላ መንገድ ስላልታየን ላፕቶፑን በቦርሳው ከትተን ልንወጣ ስንል፥ ልጃችን በደጃፉ ቆሞ «አባባ፥ ሳይሄዱ አንድ ጊዜ ልየው» ሲል ለመነን።

ተቀምጦም የይለፍ ቃሉን ቀስ ብሎ ጻፈ፤ ከጽሕፈቱ ሣጥን አጠገብ ያለውን ዐይን የሚመስል ምልክት ተጭኖ ያዘ። በነጥብ ተሸፍነው የነበሩት ፊደላት ተገለጡ። ዋይ መሆን በሚገባው ስፍራ ዜድ ተጽፎ ነበር። ልጁም ጥቂት ካሰበ በኋላ «ትናንት ሲጽፉ ኦልትንና ሺፍትን አብረው ነክተው ነበርን?» ብሎ ጠየቀን። ያን ጊዜ ትዝ አለን። ትልቁን ፊደል ለመጻፍ ሺፍትን ስንጫን፥ አቅራቢያው ያለውን ኦልትን ጣታችን አብሮ ነክቶት ነበር።

ምሥጢሩ ይህ ነው። በጀርመን አገር የኪቦርድ አደራደር የዋይና የዜድ ስፍራ ከእንግሊዝኛው ጋር ተለዋውጧል። ልጃችን አስቀድሞ ለሁላችን እንዲመቸን የእንግሊዝኛውን አደራደር መርጦልን ነበር፤ እኛ ግን ሁለቱን ቁልፎች አብረን በመንካታችን ሳናውቅ ወደ ጀርመንኛው መልሰነዋል። ከዚያ ወዲያ ጣታችን ዋይ ሲል መሣሪያው ዜድ ይጽፋል፤ ነጥቡ ሁሉንም አንድ አስመስሎ ስለሚያሳይ ስሕተቱ አይታይም። እንግዲህ የይለፍ ቃሉን የለወጠ ማንም የለም፤ ኪቦርዱን ግን የለወጥነው እኛው ራሳችን ነን።

በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈውን የዮርዳኖስን መሻገሪያ ታሪክ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የገለዓድ ሰዎች ሺቦሌት በል እያሉ የሚያልፈውን ሲጠይቁ፥ የኤፍሬም ሰው ሲቦሌት እያለ በአንዲት ፊደል ይያዝ ነበር። ኮምፒዩተርም እንደዚያ ያለ በር ጠባቂ ነው። በአማርኛ ጽሕፈት ሀሌታውን ሀ በሐመሩ ሐ ብንለውጠው አንባቢ ቃሉን ከአሳቡ ይረዳዋል፤ ይህ መሣሪያ ግን ትልቁን ፊደል ከትንሹ እንኳ ይለያል እንጂ አሳብን አይመለከትም።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያው የይለፍ ቃላችንን እንደ ጻፍነው አያስቀምጠውም። እህል በወፍጮ ተፈጭቶ ዱቄት እንደሚሆን፥ ቃሉንም በስሌት ፈጭቶ ዱቄቱን ብቻ ያኖራል። በገባን ቍጥር የጻፍነውን እንደ ገና ይፈጭና ከቀድሞው ዱቄት ጋር ያስተያየዋል። ዱቄት ወደ እህል እንደማይመለስ ሁሉ፥ የረሳነውን ቃል መሣሪያው ሊነግረን አይችልም፤ በሌላ እንድንለውጠው ብቻ ይፈቅድልናል።

እንግዲህ ኮምፒዩተራችሁ አላስገባም ባለ ጊዜ ልትሠሩት የሚገባው በተራ ይህ ነው። የምንናገረውም በብዙ ቤት ስለሚገኘው ስለ ዊንዶውስ ነው።

በመጀመሪያ እጃችሁን አንሡ። አሥር ጊዜ በችኮላ መሞከር አይጠቅምም፤ ስሕተቱ ሲደጋገም መሣሪያው ሌባ የመጣ መስሎት ለጥቂት ጊዜ መግቢያውን ሊዘጋ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፥ በመግቢያው ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደ ሆነ አንብቡ። በቤቱ ብዙ ተጠቃሚ ካለ፥ ሰው በወንድሙ ስም የራሱን ቃል እየጻፈ ይደክማል። ስሞቹ በግራ በኩል ከታች ተዘርዝረው ይታያሉ።

ሦስተኛ፥ ኪቦርዱን መርምሩ። ካፕስ ሎክ የሚባለው ቁልፍ ተጭኖ ከሆነ ፊደሉ ሁሉ ትልቅ ይሆናል። ነም ሎክ የሚባለው ከጠፋ በቀኝ በኩል ያሉት አኃዞች አይጻፉም። በስተ ቀኝ ከታች የቋንቋው ምልክት በምኅጻር ይታያል፤ የእናንተ ካልሆነ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከረጅሙ የስፔስ ቁልፍ ጋር አብራችሁ በመጫን ለውጡት። ከውጭ አገር በተላከ ላፕቶፕ ይህ ነገር ይበረታል፤ በፈረንሳይ አገር ኪቦርድ ለምሳሌ ኤና ኪው፥ ደብልዩና ዜድ ስፍራ ተለዋውጠዋል። ቁልፉ ራሱ ተሰብሮ እንደ ሆነ በዚያው ማዕዘን ካለው የመርጃ ምልክት ውስጥ በስክሪን ላይ የሚታየውን ኪቦርድ አውጥታችሁ በማውስ ጻፉ።

አራተኛ፥ መግቢያችሁ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ለዩ። አንዱ በዚያ ኮምፒዩተር ብቻ የሚታወቅ የቤት መግቢያ ነው፤ ሁለተኛው በኢሜይል የሚታወቅ የማይክሮሶፍት አካውንት ነው። ይህን ሁለተኛውን በስልካችሁ ላይ የይለፍ ቃሉን ለውጣችሁት ከሆነ፥ ኢንተርኔት ያላገኘው ኮምፒዩተር ለውጡን አልሰማምና የሚያውቀው የቀድሞውን ነው። ስለዚህ ወይ የቀድሞውን ጻፉ፥ ወይ በመግቢያው ገጽ ላይ ካለው የኢንተርኔት ምልክት አገናኙት። ፒን የሚባለው አጭር ቍጥር ደግሞ የዚያ ዕቃ ብቻ ነው፤ በሌላ ኮምፒዩተር አይሠራም።

አምስተኛ፥ ቀኑንና ሰዓቱን ተመልከቱ። በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ ስትደክም፥ መብራት በጠፋ ቍጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በኢንተርኔት የሚደረግ የምስክር ወረቀት ምርመራ በቀን ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ ቀኑ የተሳሳተበት መሣሪያ ከአካውንቱ ጋር መነጋገር ይሳነዋል። መድኃኒቱ ባትሪዋን መለወጥና ቀኑን ማቅናት ነው፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

ስድስተኛ፥ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቶ ሳለ ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ፎቶግራፉ፥ ጽሑፉ ሁሉ የጠፋ ይመስላል። ይህ የተጠቃሚው መዝገብ ሳይከፈት ቀርቶ መሣሪያው ጊዜያዊ ክፍል ሲሰጠን የሚሆን ነው፤ ንብረቱ ብዙውን ጊዜ በስፍራው አለ። በዚያ ጊዜያዊ ክፍል ምንም ጽፋችሁ አታኑሩ፤ ስትወጡ ይጠፋልና። ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አስነሡ፤ እንደዚያው ከሆነ ሲ በሚባለው ዲስክ ውስጥ ዩዘርስ የሚለውን ማኅደር ከፍታችሁ በስማችሁ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሰባተኛ፥ ቃሉ በእውነት የተረሳ እንደ ሆነ ተስፋ አትቍረጡ። የማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ፥ በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በስልክ የአካውንቱን ገጽ ከፍታችሁ አስቀድማችሁ ባስመዘገባችሁት ስልክ ወይም ኢሜይል በሚላክ ቍጥር ትለውጡታላችሁ። የቤት መግቢያ ከሆነ፥ ከ2018 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ወዲህ ባለው ዊንዶውስ፥ መግቢያውን ስታዘጋጁ ሦስት ጥያቄዎችን መልሳችሁ እንደ ሆነ፥ ከስሕተት መልስ በኋላ በሚመጣው ማያያዣ እነርሱን መልሳችሁ አዲስ ቃል ትሰጣላችሁ። በቤቱ ሌላ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ካለ እርሱ ሊለውጥላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ሲለወጥ በምሥጢር የተቈለፉ ፋይሎችና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ሊታጡ ስለሚችሉ በመጨረሻ የሚደረግ ነው።

ስምንተኛ፥ ወደ ጠጋኝ መሄድ ግድ ቢሆን፥ ቃላችሁ አንድ ይሁን፦ «ከሁሉ በፊት በዲስኩ ላይ ያለው ይቀዳልኝ» በሉ። ፎርማት የሚለውን ቃል የሚያስቀድም ሰው ለራሱ ድካም እንጂ ለእናንተ ንብረት ያሰበ አይደለም። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው ቍልፍ የተዘጋ ከሆነ ግን ለመቅዳትም 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

የይለፍ ቃል በኮምፒዩተር ላይ መሥራት የጀመረው በ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) መባቻ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባለው ሊቅና ባልደረቦቹ በ1961 አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰው በጋራ እንዲሠራበት ያደረገ ሥርዐት አሳዩ። በዚያም እያንዳንዱ የየራሱን ጽሑፍ እንዲጠብቅ የይለፍ ቃል ሰጡት። ኮርባቶ ራሱ እንደ ተናገረው፥ አንድ ጊዜ የዕለቱ ማስታወቂያና የይለፍ ቃሎቹ መዝገብ በስሕተት ተለዋውጠው፥ የገባ ሰው ሁሉ የሁሉንም ቃል ያነብብ ነበር። መሥራቾቹን ያልማረ ስሕተት እኛን እንዴት ይለፈን? ነገር ግን የዚያ ሥርዐት መነሻ ለቤታችን ትምህርት ይሆነናል፤ ዕቃው የጋራ ሲሆን መግቢያው የየራስ ይሁን ማለት ነውና።

እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን አደረግን። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መግቢያ ከፈትንለት፤ አስተዳዳሪዎቹ ሁለት፥ እኛና እናታቸው ሆንን። ለመመለሻ የተመዘገበው ስልክ በእጃችን ያለው መሆኑን አረጋገጥን፤ ሲም ካርድ በተለወጠ ቍጥርም እናድሰዋለን። የይለፍ ቃሎቹንና የቢትሎከሩን ቍጥር በደብተር ጽፈን፥ የቤቱ ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት ባሉበት ሣጥን ቈለፍንባቸው። የእናታችንን ድምፅ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ቀዳነው፤ አንዱንም ከወንድማችን ቤት አኖርነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ይህ ሁሉ በደኅና ቀን ካልተሠራ በክፉ ቀን አይገኝም።

የቀረውን ነገር ግን በዲስክ ልናስተካክለው አልቻልንም። በዚያች ጧት የቋንቋው ምልክት ተመልሶ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ጊዜ፥ ልጃችን አልሣቀም፤ አልተኵራራብንም፤ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልን። እኛም በታናናሾቹና በእናቱ ፊት «ትናንት እውነት ተናግረህ ሳለ ውሸታም አልንህ፤ ይቅር በለን» አልነው። እርሱም ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ «ይሁን አባባ» አለ። ያን ዕለት ማታ ሁላችን ተሰብስበን የእናታችንን ድምፅ ሰማን፤ ልጁም ከጐናችን ተቀምጦ ነበር።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ መሣሪያው «ትክክል አይደለም» ባላችሁ ጊዜ፥ ከቤተ ሰባችሁ መካከል በደለኛ ከመፈለጋችሁ በፊት ያቺን ዐይን የምትመስል ምልክት ተጫኑ፤ የገዛ እጃችሁ የጻፈውንም አንብቡ። ኮምፒዩተር ያለ ጥፋቱ ቢነቀፍ አያዝንም፤ ልጅ ግን ያዝናል።