ስለ ማርኮቭ ሰንሰለትና ስለ ተዘጋ በር

በዚህ ዓመት በሒሳብ ክበባችን የማርኮቭ ሰንሰለት የሚባለውን ትምህርት በምንማርበት ጊዜ፣ አንድ የክፍል ጓደኛችን ትምህርቱን ትቶ ቀርቶ ነበር። ከመካከላችን አንድ ቀልደኛ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየ «አያችሁ፤ የሰነፍ መጨረሻ ይህ መሆኑን ሒሳቡ ራሱ ፈርዶበታል» አለ። ሁላችንም ሣቅን፤ እኔም ሣቅሁ። ማታ በቤቴ ተቀምጬ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ብሠራው ግን ፍርዱን እንዲህ ሆኖ አላገኘሁትም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

አስቀድሜ ትምህርቱን ለማያውቁ ወላጆችና ታናናሾቻችን ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ነገር ከጥቂት ሁኔታዎች በአንዱ ይገኛል እንበል። ነገ ወደ የትኛው እንደሚሸጋገር የሚወስነው ዛሬ ያለበት ሁኔታ ብቻ ሲሆን፣ ትናንት የነበረበት ከቁጥር አይገባም። እንዲህ ያለው የሽግግር ተራ በሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ በአንድሬይ ማርኮቭ ስም ይጠራል። በዚያ ዘመን ኔክራሶቭ የሚባል ሌላ ሩሲያዊ ሊቅ፣ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ድርጊት ወደ አንድ ቋሚ አማካይ የሚቀርበው ድርጊቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ የሰው ፈቃድ ነጻ መሆኑም በዚህ ይታወቃል እያለ ይከራከር ነበር። ማርኮቭ ግን በ1906 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ድርጊቶቹ እርስ በርሳቸው ቢያያዙም አማካዩ ሊገኝ እንደሚችል አስረዳ። በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፑሽኪን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላት በእጁ ቆጥሮ ከእነዚህ ውስጥ 8,638ቱ አናባቢ መሆናቸውን አገኘ። ከአናባቢ ቀጥሎ አናባቢ የሚመጣው ከመቶ 13 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ከተነባቢ ቀጥሎ ግን ከመቶ 66 ጊዜ ያህል ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይዘን ዘለቄታውን ብናሰላ ከመቶ 43 እናገኛለን፤ ይህም 8,638 ለ20,000 ሲካፈል ከሚገኘው ጋራ አንድ ነው። (የፑሽኪን ቅድመ አያት ከኢትዮጵያ የሄደ ነው ሲባል ኖሯል፤ ሊቃውንት ቢከራከሩበትም እኔ ይህን ስማር ደስ ማለቱ አልቀረም።)

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ከማንም የማርክ መዝገብ አልወሰድኋቸውም። በየሳምንቱ ፈተና አለ እንበል። በዚህ ሳምንት ያለፈ ተማሪ በሚመጣውም ሳምንት የማለፍ ዕድሉ 80 በመቶ፣ የመውደቁ 20 በመቶ ይሁን። የወደቀው ደግሞ በሚመጣው ሳምንት የማለፍ ዕድሉ 40 በመቶ፣ ዳግመኛ የመውደቁ 60 በመቶ ይሁን። ሁለት ልጆች አንዱ አልፎ፣ አንዱ ወድቆ ቢነሡ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው የማለፍ ዕድል 67 በመቶ ሲሆን የሁለተኛው 66 በመቶ ይሆናል። እየቆየ ሲሄድ ሁለቱም ከሦስት ሁለት እጅ ላይ ይገናኛሉ። ጎበዝና ሰነፍ ብለን የለየናቸው ልጆች መነሻቸው ተረስቶ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ይህም የሆነው ከማለፍ ወደ መውደቅ፣ ከመውደቅም ወደ ማለፍ የሚያደርሰው መንገድ ስላልተዘጋ ነው።

እርግጥ መነሻው ሁልጊዜ አይረሳም። ፈረቃን ተመልከቱ። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት በኋላ የሚማር ልጅ ከ100 ሳምንት በኋላ በየትኛው ፈረቃ እንደሚሆን ለማወቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ መጠየቅ ይበቃል። ግማሹን ጊዜ ጠዋት ይማራል፤ ነገር ግን ዙሩ መቼም አይረጋም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ገብተው የማይወጡበት ሁኔታ ነው። በምሳሌዬ ላይ አንድ ሦስተኛ ሁኔታ ጨመርሁ፤ ይኸውም ትምህርት ማቋረጥ ነው። የወደቀ ተማሪ የማለፍ ዕድሉ እንደ ቀድሞው 40 በመቶ ይሁን፤ ዳግመኛ የመውደቁ 55፣ ትቶ የመሄዱ 5 በመቶ ይሁን። የሄደ አይመለስም እንበል። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ማለፍም መውደቅም አሁን አላፊ ሁኔታዎች ሆኑ፤ ዘመኑ ቢረዝም ሁሉም ተማሪ፣ ጎበዙም ሳይቀር፣ ተጠቃሎ የሚገባው ወደ ሦስተኛው ነው። ስንት ሳምንት ይቆያል ብዬ ብቈጥር፣ ከመውደቅ የተነሣው በአማካይ 60 ሳምንት፣ ከማለፍ የተነሣው 65 ሳምንት ሆነ። በቀልደኛው ጓደኛችን ዘንድ እንደ ሰማይና ምድር የሚራራቁት ጎበዝና ሰነፍ ልዩነታቸው አምስት ሳምንት ብቻ! ይህን ሳይ ስሕተት የሠራሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት።

ቀጥዬም ሌላውን ሁሉ ሳልነካ አንድ ነገር ብቻ ለወጥሁ፤ የሄደው በየሳምንቱ የመመለስ ዕድሉ 10 በመቶ እንዲሆን አደረግሁ። ያን ጊዜ ዘለቄታው ተለወጠ። ከሰባት ተማሪዎች አራቱ አልፈው፣ ሁለቱ ወድቀው፣ አንዱ ብቻ ከትምህርት ውጭ ሆኖ ይገኛል። ፈተናው አልቀለለም፤ ማንም ከቀድሞው ይልቅ ብልህ አልሆነም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት በትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ውድቀት ብዙ እየተነጋገርን ስለ መመለስ ዝም ማለታችን ስሕተት ነው። ጓደኛችን የቀረው አባቱ ታመውበት ሱቅ ለመጠበቅ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ለከርሞ ና ተባለ። ለከርሞ የሚመጣ ስንቱ ነው? በሩ ክፍት ከሆነ ተማሪው ሁሉ እንዳሻው ይወጣል የሚሉ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሐሳባቸውም ከንቱ አይደለም፤ ሥርዓት ያስፈልጋልና። ነገር ግን እኔ የማውቀው ትቶ የሄደ ልጅ ሁሉ በደስታ የሄደ አይደለም።

አንድ እውነት ደግሞ ልናገር። የማርኮቭ ሰንሰለት ትናንትን አያስታውስም፤ ሰው ግን ያስታውሳል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ልጅ አንድ ጊዜ ከወደቀው ጋራ እኩል አይደለም፤ ይልቁንም በክፍል ፊት ሰነፍ የሚል ስም ከተሰጠው፣ ስሙ አብሮት ፈተና ይቀመጣል። ስለዚህ ምሳሌዬ በሁሉ ነገር ትክክል ነው አልልም። ሆኖም ሰው የሚያስታውስ በመሆኑ ምክንያት በሩን መዝጋት ይሻላል የሚል ሰው ካለ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳኝ ለመስማት እወዳለሁ።

አስተዳደሩን የምለምነው፣ በበቂ ምክንያት የቀረ ተማሪ በዚያው ዓመት እንዲመለስ የተወሰነ ጊዜ እንዲፈቀድለት፣ ያለዚያም ወደ ማታው ትምህርት የሚዛወርበት መንገድ እንዲፈለግለት ነው። ያመለጠውን በማስጠናት በኩል እኛ የሒሳብ ክበብ አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ ለማገዝ ተስማምተናል፤ ያ ቀልደኛም ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ነው። ጓደኛችንም ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ እየተወ ለመምጣት ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል፤ የሁለተኛውን ወሰነ ትምህርት ደብተሬን ባለፈው ሳምንት አድርሼለታለሁ።