ዲስክ ግዙልን ከማለት በፊት

የዳታቤዝ ቅጂ ከተጠበቀው በላይ ባበጠ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ ዲስክ ይገዛ። የአይቲ ባለሙያው ማስታወሻ ይጽፋል፣ ኃላፊው ይመራበታል፣ ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ይሰበስባል። በዚህ ሁሉ መሃል «በምን አበጠ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ግዥው ግን፣ በመንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወራት ይፈጃል።

«ዲስክ ርካሽ ነው» የሚባለው ዛሬ ያዘዙት ዕቃ ነገ በር ላይ በሚደርስበት አገር ነው። እኛ ጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ የሰርቨር ዲስክ የሚመጣው ደግሞ በዚያው ዶላር ነው። ይሁንና ጠቤ ከዋጋው ጋር አይደለም። ዲስኩ በዕርዳታ በነጻ ቢመጣም መልሱ ስህተት ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሪፕሊኬሽን ማለት አንድ ዳታቤዝ ላይ የሚደረገውን ለውጥ እየተከታተሉ ሌላ ሰርቨር ላይ ማድረስ ነው። ለውጡን መከተል ከመጀመሩ በፊት ግን ተቀባዩ ሰርቨር መነሻ ይፈልጋል። ያ መነሻ፣ ማለትም ዳታው በአንድ ቅጽበት ያለው ቅጂ፣ ስናፕሾት ይባላል። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ስናፕሾት ኤጀንት የእያንዳንዱን ቴብል ይዘት ወደ ፋይል ገልብጦ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሌላ ኤጀንት ከዚያ አንሥቶ ተቀባዩ ላይ ይጭናል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። የሚከብደው የትኛው ቴብል እንደሚሄድ መወሰኑ ሲሆን የምንሰንፈውም እዚያ ላይ ነው። ሪፕሊኬሽኑ በሚዘጋጅበት ዊዛርድ መስኮት «ቴብልስ» ከሚለው ጎን ያለችውን ትንሽ ሳጥን አንዴ ጠቅ ያደረገ ሰው ሁሉንም መርጧል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስብ የለም።

ጉለሌ ውስጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ወጣቱ ባለሙያ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ፣

«ጋሼ፣ ዲስኩ ሞልቷል። ስናፕሾቱ አልሄድ አለ» ይላል።

«ስንት ቴራ ቢገዛ ይበቃችኋል?»

«አራት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲሆነን።»

ውይይቱ በቃ ይህች ናት። የስናፕሾቱ ፎልደር ተከፍቶ ፋይሎቹ በመጠን ሲደረደሩ ግን ከላይ የተቀመጠው የባለጉዳዮች መዝገብ አልነበረም። ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎች፣ መታወቂያዎችና ጉርድ ፎቶዎች የታጨቁበት ቴብል ነበር። ቀጥሎ «ማን፣ መቼ፣ ምን ነካ» የሚለውን የሚመዘግበው የኦዲት ቴብል። ከዚያ ደግሞ ስሙ ላይ «ባክአፕ» የሚል ቃል የተቀጠለበት አንድ ቴብል፦ ሶፍትዌሩ ሊሻሻል ሲል ለጥንቃቄ ተገልብጦ እዚያው የተረሳ። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር የተተከለው ለሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ከሦስቱ አንዱንም አያነብም።

በዚያው ፎልደር ውስጥ ቀንና ሰዓት የተጻፈባቸው ንዑስ ፎልደሮችም ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የቀድሞ ስናፕሾት ሬሳ ናቸው። የድሮውን የሚያጸዳው ሥራ በተቀጠረለት ሰዓት ይነሣል፣ የጋራ ፎልደሩን ለመሰረዝ ፈቃድ ስላልተሰጠው ይወድቃል፣ ቀዩን ምልክት የሚያይ ሰው የለም። እንዲህ ያለው ቤት አራት ቴራ ቢገዛለት ያንኑም ይሞላዋል። ችግሩ የአንድ መስመር የፈቃድ ማስተካከያ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ዊዛርዱ መጨረሻ አካባቢ የሚያቀርባት አማራጭ ናት፦ ስናፕሾቱን አሁኑኑ ፍጠርና ለወደፊት ተቀባዮች ዝግጁ አድርገህ አቆይ። ማን እምቢ ይላል? «ለማንኛውም ይኑር» የሚል ሰው ሞልቷል። በዚህች ምልክት የሚበራው ቅንብር ኢሚዲየት ሲንክ ይባላል፤ የሚያስከትለውን ደግሞ ብዙዎቻችን አናነብም። አንደኛ፣ ለተቀባዮቹ ደርሰው ያለቁ ለውጦች እንኳ የማቆያው ጊዜ እስኪያልቅ፣ ካልተቀየረ 72 ሰዓት፣ ለውጦች በመንገድ ላይ በሚያርፉበት ዲስትሪቢውሽን ዳታቤዝ ውስጥ ተከማችተው ይቆያሉ። ሁለተኛው ይብሳል፤ ነባሩ ፐብሊኬሽን፣ ማለትም እንዲላኩ የተመረጡት ቴብሎች ስብስብ፣ ላይ አንድ ቴብል ሲጨመር ስናፕሾት ኤጀንት የሚገለብጠው አዲሱን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ነው። ባለሙያው የወረዳ ኮዶች የተዘረዘሩባትን አንዲት ኩርማን ቴብል ጨምሮ ኤጀንቱን ያስነሣል፤ ሙሉው ዳታቤዝ እንደገና ሲቀዳ ያድራል። ጠዋት በሪፖርቱ ላይ «ባልተጠበቀ ሁኔታ» ተብሎ ይጻፋል። ምን ያልተጠበቀ ነገር አለው? ይቆይ ያልነው እኛው ነን። በየጊዜው አዲስ ተቀባይ የማይጨመርበት ቤት አሎው አኖኒመስ የሚባለውን ቅንብር መጀመሪያ፣ ኢሚዲየት ሲንክን ደግሞ አስከትሎ ቢያጠፋ ከዚያ በኋላ አዲስ ቴብል ሲጨመር የሚገለበጠው አዲሱ ብቻ ይሆናል።

ፖስትግሬስ የሚጠቀሙ ቤቶችም አይመጻደቁ። እነሱ ዘንድ «ስናፕሾቱ ዲስክ ጨረሰ» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሌላ ነው፦ ተቀባዩ ሰርቨር ከተነቀለ ወዲህ ማንም ያልሰረዘው ሪፕሊኬሽን ስሎት። ስሎቱ የማይመጣውን ተቀባይ እየጠበቀ የለውጥ ሎጉን አላስጠርግም ይላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 13ኛው ስሪት ለዚህ ገደብ ማበጀት ተችሏል፤ ባለቤቱ ካላስቀመጠው ግን ገደቡ ዛሬም የለም።

አንድ ማምለጫ ደግሞ ይሰማል፦ «አማርኛ ስለሆነ ነው የከበደው።» እውነት የሚመስል ነገር አለው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ ለአንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ የላቲኑ 1 ባይት ይበቃዋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤንቫርቻር በሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ሲያስቀምጠው ደግሞ 2 ባይት ነው። እስቲ እናስላው። 1500 ፊደል ያለው ገጽ በ3 ባይት ቢባዛ 4.5 ኪሎባይት ነው። የዚያው ገጽ ስካን ግን በመቶዎች ኪሎባይት ይቆጠራል፤ በቀለምና በጥራት ከተነሣ ሜጋባይት ይገባል። አንድ ሜጋባይት ስካን በተቀመጠበት ቦታ ከ200 በላይ የአማርኛ ገጾች ይተኛሉ። ፊደላችንን ለቀቅ አድርጉት፣ ስካነሩን ጠይቁ።

«እሺ፣ ዚፕ እናድርገው» የሚሉም አሉ። የስካን ምስሎቹ አስቀድመው የታመቁ ስለሆኑ እንደገና ቢታመቁ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጡም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ለስናፕሾት የሚጠቀምበት የማመቂያ ዘዴ ደግሞ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይችልም። ያበጠውን ለማስተንፈስ የመጣው መድኃኒት ለዋናው እብጠት አይሆንም ማለት ነው።

ዲስኩ ቢገኝ እንኳ መስመሩ አለ። 200 ጊጋባይት ስናፕሾት በ10 ሜጋቢት መስመር ሲላክ፣ መስመሩ ለአፍታ ሳይዳከም፣ ከ44 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁለት ቀን ሙሉ መብራት የማይጠፋበትንና ኔትወርክ የማይቆራረጥበትን ቀጠና የሚያውቅ ይንገረኝ። ሲቋረጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የደረሱ ፋይሎች ዳግም አይላኩም፤ በግማሽ የቀረው ግን ከመጀመሪያው ይጀመራል። በግማሽ የሚቀረው ዘወትር ትልቁ ፋይል፣ ያ የስካን ቴብል ነው። ትንንሾቹ አልፈው እሱ ዳር ላይ እየተንከባለለ ይኖራል።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ክርክር እንዲህ ነው፦ ዛሬ አያስፈልግም ተብሎ የተተወ ቴብል የአደጋ ቀን ሊፈለግ ይችላል፤ ያኔ «ለዲስክ ብዬ ነው» ማለት አያድንም። ፍርሃቱ ይገባኛል። መቼም በኛ ቢሮ አንድ ነገር በመጣሉ እንጂ በማከማቸቱ የተቀጣ ሰው አላየሁም። ክርክሩ ግን ሁለት ሥራ ያምታታል። ሁሉም ነገር መኖር ያለበት ባክአፕ ውስጥ ነው። ሪፕሊካ፣ ማለትም ተቀባዩ ሰርቨር ላይ ያለው ቅጂ፣ ባክአፕ መሆን አይችልም፤ ዋናው ላይ በስህተት የተሰረዘ መስመር በሰከንዶች ውስጥ ሪፕሊካው ላይም ይሰረዛል። የማከማቸት ጭንቀታችንን ሁሉ ሪፕሊካው ላይ ስንጭን እሱ ይከብዳል፣ ባክአፑን ደግሞ ማንም መልሶ አይሞክረውም፤ «ሌላ ሰርቨር ላይ አለ» እየተባለ ይታለፋል።

ጊትላብ የተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. የደረሰበትን እናስታውስ። ሪፕሊኬሽኑ ተበላሽቶ ተቀባዩን ሰርቨር እንደ አዲስ ለመሙላት ሲታገል የነበረ መሐንዲስ ተቀባዩ መስሎት የዋናውን ዳታ ሰረዘ። 300 ጊጋባይት ከሚሆነው የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሮጡ ለካ የቅጂ መሣሪያው ከዳታቤዙ ጋር የማይገጥም የቆየ ስሪት ኖሮ ሥራው ድምፁን አጥፍቶ ሲከሽፍ ከርሟል። ያዳናቸው በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ የዲስክ ስናፕሾት ሲሆን በመካከል የነበረው ሥራ ጠፋ። ዲስክ አልቸገራቸውም። የቱ ቅጂ ምን እንደያዘና መመለሱ ተሞክሮ እንደሆነ የሚያውቅ ነበር ያጡት።

እንዲያውም ባክአፕ ራሱ ሁሉን መያዝ የለበትም። ለዚህ ምሳሌ ከጉለሌ መራቅ አያስፈልግም። ክፍለ ከተማው የጤና መረጃ ሰፈር ነው፦ ፓስተር ላይ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ዝቅ ብሎ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ። የአገሪቱ ጤና ተቋማት የየወሩን ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2፣ መሠረቱ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነጻ ሶፍትዌር፣ የሚሠራው በፖስትግሬስ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ የሚሞላው አሃዝ በአንድ ቴብል ይገባል። ሲስተሙ ደግሞ ገበታዎቹና ካርታዎቹ ቶሎ እንዲከፈቱ ከዚያው አሃዝ ስማቸው «አናሊቲክስ» ብሎ የሚጀምር ቴብሎችን ያመርታል። እነዚህ ከምንጫቸው ሊበልጡ ይችላሉ፤ ቢጠፉ ግን አንድ ሥራ አስነሥቶ እንደገና ማምረት ነው። የሶፍትዌሩ መመሪያ ራሱ ባክአፕ ሲወሰድ እነዚህን ተዉአቸው ይላል፤ ለትእዛዙ የሚጨመረው ጥቂት ፊደል ነው። ያን ያላነበበ ባለሙያ በየሌሊቱ ተመልሶ የሚመረት ነገር እየቀዳ ያድራል። ከዚያ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ምን ብሎ እንደሚጽፍ እናውቃለን።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ የሕግም ሆኗል። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያ ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲያዝ ያዛል። የሪፖርት ሰርቨር ላይ የሺዎች ሰዎች መታወቂያ ስካን ለምን ተገኘ ተብሎ ቢጠየቅ «ሳጥኗን ጠቅ ስናደርግ አብሮ ሄደ» ማለት መልስ ይሆናል? ጽዳቱ ሳይሠራ የተረፉት የድሮ ስናፕሾት ፎልደሮችም ቅጂ ናቸው፤ በብዙ ቤት ማንም የቢሮ ኮምፒውተር ያለው ሰው የሚከፍተው የጋራ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ለግዥ ክፍሎች አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ቴክኒክ ማወቅ አይጠይቅም። የዲስክ ግዥ ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ወረቀት ይያያዝበት። በአንዱ ላይ የዳታቤዙ አሥር ትልልቅ ቴብሎች ከነመጠናቸው፣ ከየቴብሉም ትይዩ በተቀባዩ ሰርቨር ላይ የሚያነበው የሥራ ክፍል ስም ይጻፍ። በሌላው ላይ ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረበት ቀንና የሞካሪው ፊርማ። የአንባቢው ቦታ ባዶ የሆነበት ቴብል ካለ፣ ወይም ቀኑ ካልተሞላ፣ ማስታወሻው ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብበት ወደ መጣበት ይመለስ።