መጥቆርና መቃጠል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከመጽሔት የቀደደውን ገጽ አምጥቶ አስነበበኝ። ስለ በጋ ወራት የቆዳ እንክብካቤ የሚናገር ትርጉም ነበር። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የሚበረታባቸው ወራት መሆናቸውን ያስታውስና፣ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው ከዋና ሲወጣ ቅባቱን ደግሞ እንዲቀባ ይመክራል። ገጹን ያነበብነው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እኛ ጋቢያችንን ደርበን ከከሰል ምድጃው አጠገብ ኩርምት ብለን ተቀምጠናል። የሚቀርበን ባሕር ጎርፍ ያቆረው የሰፈራችን መንገድ ነበር። ወዳጄ እየሳቀ «ተርጓሚው ሰውዬ እርሱ ቤት አይዘንብም መሰለኝ» አለ።

ያን ቀን ስቀን አለፍነው። ውሎ ሲያድር ግን ነገሩ ከሳቅ በላይ ሆኖ ታየኝ። የሰሜኑ ሰው ዓመት ሙሉ ሲናፍቀው የሚከርመው ሰኔ ለእኛ የደመና መግቢያ ነው። የእኛ ፀሐይ መስቀል አልፎ፣ አደይ አበባው ረግፎ፣ ጥቅምት ሲገባ ትበረታለች፤ እስከ ግንቦትም ትዘልቃለች። ምክሩ የሌላ አገር፣ ወሩም የሌላ ሰው ወር ሆኖ ሲመጣብን፣ ከፀሐይ መጠንቀቅም የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለን እንተወዋለን። ፀሐይን የምንፈራበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ በተሳሳተ ምክንያት እንፈራታለን። ዛሬ ላነሣው የምሻው ይህንኑ ነው።

አስቀድሜ ስለ ፀሐያችን ጥቂት እውነት ልናገር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በእንዲህ ያለ ቦታ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አንዴ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዴ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ። የነሐሴዋን ደመና ይጋርድልናል። በሚያዝያ ግን ሰማዩ ከጠራ፣ በቀትር ደጅ የቆመ ሰው ጥላውን ቢፈልግ ከጫማው ሥር ነው የሚያገኛት። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ ቆዳን የሚያቃጥለው የማይታይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚሉት፣ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከባሕር ጠረፍ ፀሐይ ሩብ ያህል ትበረታለች ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት የዚህ ጨረር መለኪያ፣ ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ያሻል፤ 11 እና ከዚያ በላይ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን የአዲስ አበባ ቀትር ከ11 ያልፋል።

ይህ ሁሉ የማይሰማን ብርዱ ስለሚያታልለን ነው። ጨረሩና ሙቀቱ አንድ አይደሉም። ከባሕር ወለል በታች በተኛው በዳሎል ምድር ፀሐይን የማይፈራ የለም፤ ሙቀቱ ራሱ ሰውን ያስጠነቅቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሰው ብርዱን ሸሽቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ የሚሞቃትም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ነው። በማለዳ ከሆነ ደግ ነው። ሕፃን ልጅን የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ቆዳችን የሚሠራው በፀሐይ ነውና። ፀሐይ ጠላታችን አይደለችም። አገራችንንም ለረጅም ዘመን ለጎብኚ ያስተዋወቅነው «የ13 ወር ፀጋ» እያልን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ። ፀሐያችንን ለእንግዳ እንደ ፀጋ አቀረብን፤ እንግዳውም ባርኔጣውንና ቅባቱን ይዞ መጣ። ባለቤቶቹ ግን አናታችንን ሳንሸፍን ቆየን።

እኛ ፀሐይን የምንፈራት መቼ ነው? ስታጠቁረን። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። ከመንገድ የተመለሰች ዘመዳችንን «ምነው ጠቆርሽ፣ ከሳሽ?» ብለን እንቀበላታለን፤ መጥቆርና መክሳት የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ይመስል ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከውጭ አገር ከርማ የመጣችውን ደግሞ «ቀልተሻል! ተመችቶሻል!» እንላታለን። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ እያልን የሰውን መልክ ስንደረድር፣ መሰላሉ ወዴት እንደሚወጣ ለማንም አይጠፋውም።

ሥነ ጽሑፍን የምንወድ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቆንጆ ሴት ሊያስተዋውቀን ሲነሣ ብዕሩ ፈጥኖ ወደ የቀይ ዳማነት ይሮጣል። ጠይሟን የሚያወድስ ግጥምና ዘፈን ሞልቷል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም አንዳንዴ ውዳሴው ራሱ «ጠይም ናት፤ ነገር ግን» ብሎ የሚጀምር ነው። ገበሬው ወደ ትረካችን ሲገባ ደግሞ ፊቱ «ፀሐይ ያከሰለው» ሆኖ ይገባል። ቃሉ ድህነቱን ለመናገር የተቀመጠ ምልክት ነው። ያ ፊት ያመው እንደሆነ፣ ቆዳው ሲላጥ በምን እንደሚያሽረው የጠየቀ ጸሐፊ ትዝ አይለኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ «ፀሐይ ያከሰለው» ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ።

ሁለቱን ቃላት መለየት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ቆዳ በፀሐይ ሲጠቁር ራሱን እየተከላከለ ነው። ጨረሩ ሲጎዳው ሜላኒን የተባለውን ቀለም አብዝቶ ያመርታል፤ የራሱን ጃንጥላ ይዘረጋል ብንል ያስኬዳል። መቃጠል ግን ጃንጥላው ሳይበቃ ሲቀር የሚደርስ ጉዳት ነው። በነጭ ሰው ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ በእኛ ላይ መቅላቱ በግልጽ ሳይታይ በመለብለብ፣ በማሳከክና በመላጥ ብቻ ሊገለጥ ይችላል። እኛ የተፈራውን ለውጠን፣ መቃጠሉን ትተን መጥቆሩን ፈራን። ይህ የቃል ስሕተት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ ነበር።

አክስቴ የመጨረሻ ልጇን ከወለደች በኋላ ሁለት ጉንጮቿ ላይ ማዲያት ወጣባት። ማዲያት በእርግዝናና በሆርሞን ለውጥ ሊነሣ ይችላል፤ የሚያባብሰው ግን ፀሐይ ነው። ይህን የነገራት አልነበረም። አንዲት ጎረቤት «ሎሚ እሺበት» አለቻት፤ አሸችበትና ገበያ ወጣች። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ይፈጃል፤ ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። ፊቷ ቆሰለ። ሲሽር ጥቁረቱ ባሰ። ከዚያ ከአንድ ሱቅ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ገዛች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊቷ ፈካ። ሰፈሩ ሁሉ «አማረብሽ፣ ቀላሽ» አላት። እኔም ብያታለሁ።

በዓመቱ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ። ቀጫጭን የደም ሥሮች ከሥሩ ታዩ፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት ስትቆም ፊቷ ይለበልባታል፤ ቅባቱን ስታቆም ደግሞ ብጉር ይወርሳታል። ማዲያቱም ከቀድሞው ጠቁሮ ተመለሰ። የቆዳ ሐኪሙ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ብርቱ ስቴሮይድ መሆኑን ነገራት። «ይህን ሁሉ ስትችዪ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ማዲያቱ መቼ አመመኝ? ያመመኝ ‹ጠቆርሽ› ስትሉኝ ነው» አለችኝ። «ስትሉኝ» ነው ያለችው። ከዚያ ቃል ውስጥ ራሴን ለይቼ የማወጣበት ቀዳዳ አላገኘሁም።

የማንጫ ቅባቶች ሥራ ይህ ነው። አንዳንዱ ስቴሮይድ፣ አንዳንዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተጨመረ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዱም ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ አለበት። ቆዳው የዘረጋውን ጃንጥላ ቀዳደው ባለቤቱን ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ፀሐይን ፈርተን የገዛነው ነገር ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጠናል።

በሌላ በኩል መጥቆር የማያስጨንቃቸው አሉ፤ እነርሱ ደግሞ ከነጭራሹ አይሸፈኑም። በሰፈራችን በሚሠራ ሕንፃ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ የምታመላልስ አንዲት ወጣት አለች። ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ ዓይኖቿን ብቻ ታስቀራለች፤ ከላይ ባርኔጣ ትደፋለች፤ እጅጌዋ እስከ አንጓዋ ይወርዳል። አብረዋት የሚሠሩት ወንዶች አንገታቸውንና ክንዳቸውን ገልጠው እየዋሉ «ለማን ልትቆነጂ ነው?» ይሏታል። እኔም በልቤ እንደ እነርሱ አስብ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ የቆዳ ሐኪም የሚመክረውን የምትፈጽም እርሷ ብቻ ናት፤ ከቅባት ሁሉ በፊት የሚመጣው መከላከያ ልብስ ነውና። ምናልባት የጀመረችው መጥቆርን ፈርታ ይሆናል። ምክንያቷ ምንም ይሁን፣ ሥራዋ ልክ ነው። መሳለቂያ ልትሆን አይገባም፤ ይልቅስ ወንዶቹ ሊከተሏት ይገባል።

ያለ ልክ ማስፈራራትም አልፈልግም። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ ይልቅ የተጠበቀ ነው፤ ፀሐይ የሚያመጣው የቆዳ ካንሰርም በእኛ ላይ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ የተጠበቀ ማለትም የማይነካ ማለት አይደለም። ደግሞም «እኛ ጥቁሮች ፀሐይ አይነካንም» ስንል ከመካከላችን ጨርሰን የምንረሳቸው ወገኖች አሉ፤ አልቢኒዝም ይዘው የተወለዱት። የእነርሱ ቆዳ ጃንጥላውን ጭራሽ መዘርጋት አይችልም። ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለእነርሱ ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ልጅነታቸውን ያለ ጥላ የሚያሳልፉት ገና በወጣትነታቸው ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ። በክፍል ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠውን፣ በሰልፍ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመውን እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ጥላ የሚጠራ አስተማሪ ሕይወት እያተረፈ ነው።

ምን እናድርግ ለሚል ሰው ነገሩ ከባድ አይደለም። አባቶቻችን ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር፤ ያ ጥበብ ዛሬም ይሠራል። ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለችና መጠለያ ፈልግ። ብርቱው ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት ነው። ጆሮንና ማጅራትን የሚጋርድ ሰፊ ባርኔጣ ከኮፍያ ይሻላል። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ጨረሩን ሲመክት፣ ስሱ ነጠላ ብዙውን ያሳልፋል። የመከላከያ ቅባት መግዛት የሚችል ሰው መጠኑ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጥ፤ ከቤት ሳይወጣ ይቀባ፤ ደጅ ከዋለም በየሁለት ሰዓቱ ይድገመው። ቫዝሊንና ቅቤ በደረቁ የበጋ ነፋስ የሚሰነጠቀውን ከንፈርና ተረከዝ ያለሰልሳሉ፤ ፀሐይን ግን አይመልሱም። ማዲያት የወጣባት ሴት ደግሞ ከሱቅ በፊት ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ከሁሉ በላይ ግን ቃላችንን እናርም። አማርኛ ለጥላ ትልቅ ክብር ያለው ቋንቋ ነው። የሚጠብቀንን ሰው «ጥላ ከለላዬ» እንላለን፤ የተከበረውን «ጥላው የከበደ» እንለዋለን። «ጃንጥላ» የምንለው ዕቃ እንኳ ጃንሆይና ጃንሜዳ በሚሉት ስሞች ውስጥ ያለውን የንጉሥነት ቃል ተሸክሟል፤ ጥንት ጥላ የሚያዝላቸው ነገሥታት ነበሩና። ዛሬም በጥምቀት፣ በጥር ፀሐይ፣ ታቦታቱ በጥላ ሥር ይወጣሉ። ክብርን በጥላ የሚገልጽ ሕዝብ ጥላን ለልጆቹ ሁሉ ቢያስብ ያምርበታል፤ ለጉልት ቸርቻሪዋ፣ መንገድ ላይ ለሚውለው ትራፊክ ፖሊስ፣ ታክሲ ለሚጠብቀው ሰልፈኛ። አንድ ዛፍ መትከል፣ ከአንድ ሱቅ ፊት ሸራ መወጠር ለዚህ ይበቃል።

አክስቴ አሁን ድና ጃንጥላዋን ዘርግታ ገበያ ትሄዳለች። ባለፈው መጋቢት መንገድ ላይ አገኘኋት። እንደ ልማዴ ስለ መልኳ አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት። «ጥላሽ ያምራል» አልኋት። ሳቀችና ጃንጥላዋን ወደ እኔ አዘንብላ እስከ ገበያው ድረስ አብረን ሄድን።